ጨረስኩ፣ መጣሁ

ጡረታ የወጣሁት በሃያ ሰባት ዓመቴ ነው። ሽልማት አልነበረም፤ ንግግር ያደረገም የለም። ፒዮሪያ ስትሪት ላይ ያለውን የጥልፍ ሱቃችንን የገዛው ሰውዬ፣ ከእንግዲህ ሥራው ሁሉ በኮምፒውተር ታዞ ከባሕር ማዶ በካርቶን እንደሚመጣ ነገረኝ። መቀሴንና አንድ ጥቅል ቢጫ ክር በፌስታል ይዤ ወጣሁ። አሁን ዳውንታውን ዴንቨር አንድ የፓርኪንግ ጋራዥ መውጫ ላይ፣ መስታወት ሳጥን ውስጥ ተቀምጬ፣ ማሽኑ ቲኬታቸውን እምቢ ያላቸውን ሰዎች አሳልፋለሁ። እጅ የሚፈልግ ሥራ አይደለም። ሥራ ለፈታው እጄ ነው ይህን የምጽፈው።

ሰባት ዓመት ምን ስትሠሪ ነበር ለሚለኝ አጭሩ መልስ፣ ዓይን እጠልፍ ነበር የሚል ነው።

ሱቁ ፓች ይሠራ ነበር። ፓች የምንለው ጃኬት ደረት ወይም ክንድ ላይ የሚሰፋውን ዓርማ ነው። የቧንቧ ሠራተኞች ያዛሉ፣ የልጆች ቤዝቦል ቡድን ያዛል፣ ሞተር ብስክሌት የሚነዱ ፂማም ሽማግሌዎች ያዛሉ። እነዚህን ማሽን ይሠራቸዋል። የእኔ ድርሻ ሥዕሉን ዲጂታይዝ ማድረግ፣ ማለትም መርፌው የት እንደሚወርድና ክሩ ወዴት እንደሚተኛ ለማሽኑ ነጥብ በነጥብ ማሳየት ነበር። የሱቁ ልብ ግን ከጀርባ ያለው ረጅም ጠረጴዛ ነው። እዚያ በእጅ የሚጠለፉት የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ ጦር አውሮፕላን ስኳድሮኖች፣ ማለትም የተዋጊ አብራሪ ጓዶች፣ ዓርማዎች ነበሩ። ሰብሳቢዎችና ትንንሽ ሙዚየሞች ያዙናል፤ የአያቱን ፎቶ በፖስታ ይዞ የሚመጣም አለ። ባለቤቱ ሪክ ድሮ የአየር ኃይል መካኒክ ነበር፤ ስለ እነዚህ ዓርማዎች ማውራት ከጀመረ ምሳው ይቀዘቅዛል።

ስገባ ሱቁ ገና ካፒቶል ሂል ሰፈር ነበር፤ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ፣ ከእናቴ አፓርትመንት በእግር አምስት ደቂቃ፣ አንዲት ክፍል። ኮሌጅ አንድ ሴሚስተር ተምሬ ትቻለሁ፤ ሦስት ሥራ ጀምሬ ሦስቱንም ትቻለሁ። ማንም ሳያስተምረኝ ግጥም እጽፋለሁ፤ በስልኬ፣ በደረሰኝ ጀርባ፣ በክንዴ ላይ። ሪክ ወደ ጠረጴዛው መራኝና አንድ ወፍራም መነጽር ያደረጉ ሰው ፊት ለፊት አስቀመጠኝ።

«ስምሽ ማን ነው?» አሉኝ በአማርኛ።

«ትዕግሥት።»

ጎንበስ ብለው ጠረጴዛው ሥር የሚወዛወዘውን እግሬን አዩ። «ማነው ያወጣልሽ? ቀልደኛ ነው።»

«እርስዎስ?»

«ሰኢድ እባላለሁ። ጠላፊ ነኝ።»

ጋሽ ሰኢድ ደብረ ዘይት፣ አየር ኃይል ግቢ ውስጥ፣ የደንብ ልብስ ክፍል ነበር የሠሩት። ሱዳን ሆነው ለአሜሪካ ኢንተርቪው ሲደረግላቸው አስተርጓሚው ሥራቸውን ጠየቃቸው። ጠላፊ አሉ። የት? አየር ኃይል። «አውሮፕላን ጠልፈው ያውቃሉ?» አለ ልጁ፣ ድምፁ ተቀይሮ። «ስንቱን!» አሉ ጋሽ ሰኢድ በኩራት፤ «በወርቅ ክር ነው የምጠልፈው።» ይህን ሲያወሩ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ቆመው መርፌያቸውን ያነሣሉ። «ይህቺ ቃል ሁለት ዓመት አዘገየችኝ» ይላሉ። «አንቺ ግጥም እጽፋለሁ ትያለሽ፤ ቃል ስታወጪ ግራ ቀኝ እያየሽ።»

ደሞዙ ለኪራይና ለአውቶቡስ ይበቃ ነበር። ስለ ደሞዝ ይህን ካልኩ ይበቃል።

ስለ ሥራው ግን ልናገር። የወርቅ ክር ጨርቁን አይበሳም፤ ላዩ ላይ ይተኛና በሌላ ቀጭን ክር ይታሰራል። ያ ቀጭን ክር እንዳይሻክር በንብ ሰም ውስጥ ይጎተታል። መጀመሪያ ያሳዩኝ ቀን ጋሽ ሰኢድ ሁለቱን በሁለት እጃቸው ይዘው «ይኸው ሰሙ፣ ይኸው ወርቁ። ግጥሙ አልቋል፤ አሁን ስፊ» አሉኝ። ላባ ሲጠለፍ ክሩ ከሥር ወደ ጫፍ ነው የሚሄደው፤ ተሳስቶ በተቃራኒው ከሄደ ወፉ ነፋስ የገለበጣት ዶሮ ይመስላል። የሠራሁትን ሲያዩ ፊቱን አያዩም ነበር፤ ገልብጠው ጀርባውን ያያሉ። ጀርባው የተዝረከረከ ከሆነ ሳይናገሩ መቀስ ያቀብሉኛል።

ስኳድሮኖቹ ሲፈጠሩ ስም አልነበራቸውም፤ ኤሮ ስኳድሮን ይባልና ቁጥር ይሰጣቸዋል፣ በቃ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ጦር ሜዳ ሲደርሱ ግን አየር ላይ የራስን ሰው ከሩቅ መለየት ያስፈልጋል። እናም እያንዳንዱ ስኳድሮን ዓርማ መርጦ፣ ከላይ አስጸድቆ፣ አውሮፕላኑ ጎን ላይ ያስቀባል። የተመረጠው ነገር ብዙ ጊዜ የወጣቶች ቀልድ ነበር። አንዱ የሚራገጥ በቅሎ ቀባ። አንዱ የቁማር ዳይስ። አንዱ ደግሞ በክብ ቀለበት ውስጥ የወደቀ ኮፍያ፤ ኮፍያውን ቀለበቱ ውስጥ የጣለ ሰው ልደባደብ ገባሁ ማለቱ ነው፤ ሪክ ነው ያስረዳን።

ጋሽ ሰኢድ አሰቡበት። «እኛ ሰፈር ኮፍያህ ከወደቀ መጀመሪያ ታነሣለህ፤ ከዚያ ነው የምትመታው።»

«ለዚህ ነዋ የምትሸነፉት» አለ ሪክ፣ ስተረጉምለት።

ዓርማው እንስሳ ከሆነ አንድ ሕግ አለ። በሁለቱም የአውሮፕላኑ ጎን ፊቱ ወደ አፍንጫው፣ ወደ ፊት መሆን አለበት። ፊቱን ወደ ጭራው ያዞረ እንስሳ የሚሸሽ ነው። ስለዚህ ከፎቶ ስንሠራ ፎቶው የአውሮፕላኑን የትኛውን ጎን እንደሚያሳይ ሳናውቅ መርፌ አናነሣም። ዓይኑም ወደ ፊት ያያል።

ዓይኑን ጋሽ ሰኢድ አይሠሩም። በቅሎውን ከሰኮና እስከ ጋማ ጠልፈው ጭንቅላቱ ላይ ይቆማሉ፤ «ጨረስኩ!» ብለው ይጣራሉ፤ ከዚያ ተነሥተው ይታጠባሉ። የመጀመሪያ ቀን «ዓይኑ ይቀራል እኮ» አልኳቸው።

«እሱን አንቺ ስፊው።»

«ለምን?»

«ነፍስ ያለው ነገር ቀርፀህ ከጨረስክ፣ በመጨረሻው ቀን በል እንግዲህ ነፍስ ስጠው ትባላለህ። ምን እላለሁ? ዓይን ከሌለው ግን ጨርቅ ነው። ደብረ ዘይት ተክሌ የሚባል ክርስቲያን ባልደረባ ነበረኝ፤ ዓይኑን እሱ ነበር የሚሠራልኝ።» ከዚያ ድምፃቸውን ቀነስ አደረጉ። «ለሪክ አትንገሪው። ግማሽ ሠራተኛ ቀጠርኩ እንዴ ይለኛል።»

እንዲህ ሆኖ ነው ሰባት ዓመት የሄደው። ከጀርባ «ጨረስኩ!» ሲሉ ለእኔ ጥሪ ነው፤ ትርጉሙ ዓይኑ ቀርቷል ማለት ነው። እኔ ከኮምፒውተሩ ሆኜ «መጣሁ!» እላለሁ። ያም ሳልነሣ ነው። በአማርኛችን ያልጨረሰ ሰው ጨረስኩ ይላል፣ ያልተነሣ ሰው መጣሁ ይላል፤ እርስ በርስ ስለምንግባባ ማንም አይጎዳም። ሪክ ከፊት ሆኖ ሁለቱንም ቃል ለመደ። እሺ፣ በቃ፣ ጎበዝ፣ ጨረስኩ፣ መጣሁ። አማርኛው ይኸው ነው። ፓቹን የሚያየው እኔ ዓይኑን ከሠራሁ በኋላ ስለሆነ ግን ጨረስኩ የሚለውን እንደ መዝገበ ቃላት ነበር የያዘው።

ወደ ፒዮሪያ ከተዛወርን በኋላ፣ በአንድ የመከር ቀን፣ ሚስተር ዴል የሚባሉ ዘጠና ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ በልጃቸው ተደግፈው መጡ። አባታቸው ከዴንቨር በስተ ምሥራቅ ባለ የገበሬ ከተማ የሱቅ ስም የሚጽፉ ቀቢ ነበሩ፤ ጦርነቱ ሲመጣ ተመልምለው የአንድ ስኳድሮን ቀቢ ሆኑ። የስኳድሮኑን ቁጥር እዚህ አልጽፍም። ዓርማው ሰማይ ላይ አንገቱን የዘረጋ ዝይ ነበር። የቀረው አንድ ፎቶ ብቻ ነው፤ እሱም ጭንቅላቱ ጋ ተፋፍቋል።

«በየፓርኩ ሣሩን የሚያቆሽሸው ዝይ?» አሉኝ ጋሽ ሰኢድ ቀስ ብለው። «እኔ ጫማዬን በየቀኑ የማጥበው ለዚህ ጀግና ነው?»

ሚስተር ዴል ምን እንዳሉ ጠየቁ። ስተረጉም እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ጣታቸውን ፎቶው ላይ፣ የተፋፋቀው ቦታ ላይ አደረጉ።

«ዓይኑ ቢጫ ነው» አሉ። «አባቴ ዓይኑን መጨረሻ ላይ ነበር የሚቀባው። አብራሪዎቹ ዓይን የሌለው ዝይ መንገዱን አያገኝም ይሉ ነበር። አንድ ጧት አዲስ አውሮፕላን መጣ። አባቴ ዝዩን ቀብቶ፣ ቢጫውን ቀለም ሊያመጣ ሄደ። ሲመለስ አውሮፕላኑ ተነሥቷል።»

ማናችንም አልጠየቅንም። እሳቸው ግን ጨረሱት። «አልተመለሰም። አባቴ አገሩ ከገባ በኋላ ብሩሽ አልነካም። ሲያረጅ፣ አእምሮው ሲደክም፣ መስኮት ላይ ቆሞ ማነው የተነሣው እያለ ይጠይቀን ነበር።»

ያዘዙት አንድ ፓች ነው። በአባታቸው ጃኬት ላይ ተሰፍቶ፣ እሱን ለብሰው ሊቀበሩ። ከመቀበራቸው በፊት ግን በእጃቸው ሊይዙት፣ ዓይኑን ሊያዩት ይፈልጋሉ። «ችኮላ የለም» አሉ ሲወጡ። ልጃቸው ከኋላቸው ሆና ለሪክ ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ ችኮላ አለ ማለቷ ነው።

ጋሽ ሰኢድ ዝዩን አሥራ አንድ ቀን ጠለፉት። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ሥራ አላየሁም። ክንፉ ላይ አምስት ዓይነት ግራጫ አለ። አንገቱ ጥቁር ብቻ ይመስላል፤ ወደ ብርሃን ሲያዞሩት ውስጡ ሰማያዊ ክር እንዳለ ይታያል። ጀርባውን ገልብጬ አየሁት፤ ጀርባውም ሌላ ዝይ ነበር።

በአሥራ አንደኛው ቀን ከቀትር በኋላ ልጃቸው ደወለች። አባቷ ኮልፋክስ ላይ ወዳለ ሆስፒስ ገብተዋል፤ ሆስፒስ በሽተኛ ለመዳን ሳይሆን ሳይሠቃይ እንዲሄድ የሚተኛበት ቤት ነው። ዛሬ ነቅተዋል፤ ነገ አይታወቅም። ሪክ የመኪናውን ቁልፍ አንሥቶ በሩ ላይ ቆመ። ያን ጊዜ ከጀርባ ጋሽ ሰኢድ «ጨረስኩ!» ብለው ተጣሩና ለሶላት ሊታጠቡ ሄዱ።

እኔ አራት እርምጃ ርቀት ላይ ነበርኩ። በትእዛዝ ወረቀት ጀርባ ግጥም እየጻፍኩ ነበር፤ ስለዚያው ዝይ፣ ስለዚያው ዓይን። ስንኙ ሊገጥም አንድ ቃል ቀርቶታል።

«መጣሁ!» አልኩ። አልተነሣሁም።

ሪክ በአጠገቤ አለፈ። «ጨረስኩ? ጎበዝ!» ሲል ሰማሁት። ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ሊያየው ነው ብዬ አሰብኩ፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ምንም አላሰብኩም፤ ቃሉን እየፈለግሁ ነበር። በሩ ተዘጋ። ቃሉንም አገኘሁት። ስንኙን እዚህ አልጽፈውም፤ ጥሩም አልነበረም።

ጋሽ ሰኢድ ሰግደው ተመለሱና ባዶውን ጠረጴዛ፣ መርፌውንና ያልተነካውን ቢጫ ክር አዩ።

«ወፉስ?»

በሩን አየሁ።

«ትዕግሥት፣ ዓይኑን ሠርተሽለታል?»

ሪክ ስልኩን አያነሣም፤ ሲነዳ አያነሣም። ሁለታችንም መኪና የለንም። ኮልፋክስ ድረስ ሮጠን አውቶቡስ ያዝን፤ እኔ በእርግጥ ሮጥኩ፣ እሳቸው ግድግዳ እየያዙ ተከተሉኝ። አውቶቡሱ ውስጥ መርፌውን ቀድሜ ልሰካ ሞከርኩ። ሦስት ስፌት ናት፤ እንደደረስኩ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ግን ክሩ ቀዳዳውን አላገኝ አለ። ጋሽ ሰኢድ ከእጄ ወሰዱት። አውቶቡሱ ጉድጓድ ላይ እየዘለለ፣ መርፌውን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርገው፣ ክሩን ባንድ ጊዜ አሳለፉት። ምራቅ እንኳ አልቀቡትም። እንዲህ ነበር የሚያዩት። ይህን ልብ በሉልኝ።

ሪክን ኮሪደሩ ላይ አገኘነው፤ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል።

«በእጁ ሰጠሁት» አለ። «ፈገግ አለ። አውራ ጣቱን ከጭራው ጀምሮ በላባው ላይ አሳለፈ፣ በክንፉ፣ በአንገቱ። ጭንቅላቱ ጋ ሲደርስ ቆመ። ወደ መስኮቱ አዞረው። ደግሞ ዳሰሰው። ከዚያ ማነው የተነሣው አለኝ። እኔ አልገባኝም፤ ማንም አልተነሣም አልኩት። እጁን ጨበጠበት። ከዚያ ወዲያ አልተናገረም።»

ልጃቸው በሩ ላይ ነበረች። መርፌውን አሳየኋት። ሦስት ስፌት፣ እለምንሻለሁ አልኳት። ዞር ብላ አልጋውን አየች። ሚስተር ዴል ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ጡጫቸው ደረታቸው ላይ ነው፤ ከጣቶቻቸው መሃል የግራጫው ክንፍ ጫፍ ይታያል።

«ጣቶቹን በግድ ልፈልቅቃቸው?» አለች። አልጮኸችም። «ተይው። በቃ፣ ተይው።»

በማግሥቱ አረፉ። ጡጫቸው እንደተጨበጠ ቀበሯቸው። ፓቹ ጃኬቱ ላይ አልተሰፋም።

የሥራ ዘመኔ ስህተት ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ሌላ ነገር እጽፍ ነበር። የባሰው ቀጥሎ ባለው ሰኞ ነው የሆነው። ሪክ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀመጠና፣ ሳይቆጣ፣ «እንዴት እንደሆነ ብቻ ንገሩኝ» አለ።

አፌን ከፈትኩ። መጣሁ ብዬ ሳልመጣ ቀረሁ፣ ግጥም ስጽፍ ነበር ማለት ነው ያለብኝ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ናት። ጋሽ ሰኢድ ቀደሙኝ።

«ዓይኑን አላየሁትም» አሉ፣ በተሰባበረች እንግሊዝኛቸው።

ሪክ ወፍራም መነጽራቸውን አየ። ከዚያ እጃቸውን አየ። ፊቱ ላይ ነገሩ ሲገባው፣ ማለትም የገባው ሲመስለው አየሁ።

«ኦ፣ ሰኢድ» አለ። «ከመቼ ጀምሮ?»

ጋሽ ሰኢድ ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ። የእሳቸው ዝምታ እኔን ለመሸፈን ነበር፤ የእኔም እኔኑ ለመሸፈን።

ሪክ ጥሩ ሰው ነው፤ ለዚህ ነው ነገሩ የማይመለስ የሆነው። ቢሳደብ ኖሮ እከራከረው ነበር። እሱ ግን አቀፋቸው፤ ዓይኑ እየደከመ ያለ ሰው መርፌ ላይ ማስቀመጥ ኃጢአት ነው አለ፤ ኬክ አስመጣ፤ የሠሯቸውን ዓርማዎች ሁሉ የደረደረበት ፍሬም ሰጣቸው። ፍሬሙ ውስጥ ያለው ዓይን ሁሉ የእኔ ነው።

አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ፍሬሙን ተሸክሜ ሸኘኋቸው።

«ለምን ዋሹልኝ?» አልኳቸው።

«ወላሂ አልዋሸሁም። ቃሉን አስተውዪ እንጂ፣ ገጣሚ አይደለሽ? ዓይኑን አላየሁትም ነው ያልኩት። ያልተሰፋ ዓይን ማን ያያል?» ሊስቁ ሞከሩ። ከዚያ መንገዱን አዩ። «አንቺ ገና ነሽ። እኔ ሰባ ሞልቶኛል። ደግሞ ለነፍሴ የፈራሁትን ሥራ ሰባት ዓመት በአንቺ እጅ አሠራሁ። የእኔም አለበት።»

«ነገ ለሪክ እነግረዋለሁ።»

«እንደ ፈቀድሽ» አሉ፤ አውቶቡሱም መጣ።

በነጋታው አልነገርኩትም። ትእዛዝ በዛ። በሚቀጥለው ሳምንት ሪክ ጉንፋን ያዘው። ከዚያ በእጅ የሚጠልፍ ሰው ስለሌለ ረጅሙ ጠረጴዛ የካርቶን ማስቀመጫ ሆነ፤ ዓመት ሳይሞላ ሪክ ሱቁን ሸጦ አሪዞና ገባ። ስልክ ቁጥሩ አለኝ። መደወል ሦስት ስፌት ያህል እንኳ አይፈጅም። የማይመች ሰዓት ነው እላለሁ፤ ምን ይጠቅማል እላለሁ። ከዚያ ወዲህ ግጥም ጀምሬ አውቃለሁ፤ ጨርሼ አላውቅም።

ጋሽ ሰኢድ አሁንም ፒዮሪያ ላይ ናቸው፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ሱቁ በነበረበት ማዶ። መርፌ የሚሰጣቸው የለም፤ ዓይናቸው ደክሟል የሚለው ወሬ በሐበሻው ሁሉ ተዳርሷል፤ ሱሪ የሚያሳጥር ሰው እንኳ ሌላ ጋ ነው የሚሄደው። አንዳንዴ ሰው ደረጃ ላይ ክንዳቸውን ይዞ ሊያወርዳቸው ይሞክራል። አመሰግናለሁ ብለው ክንዳቸውን ይሰጡታል፤ እንዳይቃወሙ የእኔን ውሸት ተሸክመዋል።

በየዓርቡ ከመስጊድ ሲመለሱ ይደውሉልኛል። ስለ ሪክ ጠይቀውኝ አያውቁም።

«ትዕግሥት! ጨረስሽ?» ይሉኛል፤ ስለ ጋራዡ ሺፍቴ ነው።

«ጨረስኩ፣ ጋሽ ሰኢድ።»

«እንግዲያው ብቅ በይ፤ ብቻዬን ነኝ።»

«መጣሁ» እላለሁ።

አልነሣም።